የኬዝ ፋኖቼ ወይ ይጮኻሉ ወይ ይቆማሉ

ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተሬ ኬዝ (ሳጥኑ) ላይ ሦስት ማቀዝቀዣ ፋን አለ፤ የፊቶቹ ሁለቱ ባለ 3 ፒን፣ የኋላው ባለ 4 ፒን። ማዘርቦርዱ (ዋናው የኮምፒውተሩ ሰሌዳ) ለኬዝ ፋን ያለው መሰኪያ አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስቱንም በማከፋፈያ ገመድ እዚያው ሰክቻቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው ላይ 0.2 አምፔር ተጽፏል፣ መሰኪያው 1 አምፔር ይችላል፤ ስለዚህ ችግሩ ጭነት አይመስለኝም።

ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ፒደብሊውኤም ላይ (ቮልቱን ሳይቀንስ ፍጥነቱን በአራተኛው ፒን በሚላክ ምልክት የሚያዝዘው ስልት) ሳደርገው የኋላው ይታዘዛል፤ የፊቶቹ ግን 12 ቮልቱን ሙሉ ስለሚያገኙ ቤቱን ወፍጮ ቤት ያስመስሉታል። ልጅ ከተኛ በኋላ ኮምፒውተር መክፈት ቀርቷል። ዲሲ ላይ (ቮልቱን ራሱን በመቀነስ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ስልት) ሳዞረው የፊቶቹ ዝም ይላሉ፤ ግን ከ40 በመቶ ሲወርድ የኋላው ይቆማል፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ሊነሳ ይሞክራል፣ ደግሞ ይቆማል። ባዮስ የሚያሳየኝ የአንዱን ፋን ዙር ብቻ ስለሆነ ይህን ያወቅሁት ኬዙን ከፍቼ በዓይኔ አይቼ ነው። ማከፋፈያውን ቀየርኩ፣ አቧራውንም ጠረግሁ፤ ለውጥ የለም።

አሁን ዲሲ ላይ ትቼው ዝቅተኛውን 60 በመቶ፣ ማለትም 7 ቮልት አካባቢ ላይ ላደርገው አስቤያለሁ። ባለ 4 ፒን ፋን ሁልጊዜ በተቀነሰ ቮልቴጅ ቢሠራ ሞተሩ ይጎዳል?