ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞችን በመክፈቻ ዓይነት ለማወዳደር እርዳታ እሻለሁ

የተከበራችሁ የቼዝ ወዳጆች፣ ጥያቄዬን የማቀርበው ከደሴ ነው። ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም ቅጂ 11ን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የነርቭ መረብ ግምገማ (ከብዙ ምሳሌዎች ተምሮ የጨዋታውን አቋም የሚመዝን ዘዴ) ከተጨመረበት ስቶክፊሽ 12 ጋር በአሮጌ ላፕቶፕ እያጋጠምኩ፣ ልዩነታቸው በየትኛው መክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) ጎልቶ እንደሚታይ ለማወቅ እየሞከርኩ ነው። በፈረንሳይ መከላከያ (ጥቁር ለነጭ ኢ4 በኢ6 የሚመልስበት መክፈቻ) የነጭ ወታደር ኢ5 ላይ ደርሶ መሃሉ ሲዘጋ ዕቅዱ ፍሬ የሚያፈራው ከብዙ እርምጃ በኋላ ስለሆነ፣ አዲሱ ቅጂ ይበልጥ የሚልቀው እዚያ ይሆናል የሚል ግምት ነበረኝ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ለሁለቱም አንድ የሥራ ክር (በአንድ ጊዜ አንድ ስሌት ብቻ እንዲሠሩ) እና እኩል የስሌት ጥልቀት 14 (ምን ያህል እርምጃ ወደፊት እንደሚያሰሉ የሚወስን ገደብ) ሰጥቼ ሌሊቱን አሠርቻቸው ጠዋት መዝገቡን ስከፍት፣ ጨዋታዎቹ እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው አገኘኋቸው። የመክፈቻ እርምጃ ሳልመርጥላቸው ከመጀመሪያው ሰልፍ ስለቃቸው ደግሞ አብዛኛው ጨዋታ በአቻ ያልቃል። ነጭ ገና ከጅምሩ ወታደር በሚሠዋበት በኪንግስ ጋምቢት መክፈቻ ያስጀመርኳቸው ጊዜ፣ የትኛውም ቅጂ ነጭ ቢሆን ስለሚቸገር (ፕሮግራሞች ይህን መክፈቻ እንደማይወዱት የታወቀ ነው) ውጤቱ የፕሮግራሙን ሳይሆን የመክፈቻውን ድክመት ብቻ አሳየኝ። እያንዳንዱን መነሻ ቀለም አቀያይሬ ሁለት ጊዜ አጫውታለሁ፤ ያም አልበቃም።

ከአንድ መክፈቻ ስንት የተለያዩ መነሻ ቦታዎች ላዘጋጅ፣ እስከ ስንተኛው እርምጃስ? ጥልቀቱን ትቼ በሰዓት ብገድባቸው ይሻላል? መብራት ሲጠፋ ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይቆይ፣ አጫጭር ጨዋታዎችን የሚመለከት ምክር ብትሰጡኝ እመርጣለሁ።