የጎልማሶች ትምህርትና የክህሎት ሥልጠና ወጪን ማን፣ ከየትኛው በጀት ይሸፍን?

ጥያቄ፦ ከአንድ የወረዳ ጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ

በአንድ የገጠር ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ ነኝ። ብሔራዊው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ በ2000 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በሚባለው ፕሮግራም ከ15 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያሉ ያልተማሩ ሰዎች ማንበብን፣ መጻፍንና ማስላትን ከእርሻቸው፣ ከጤናቸውና ከገቢ ምንጫቸው ጋር አዋህደው በሁለት ዓመት እንዲማሩ ይጠበቃል። ዕቅዱ በየዓመቱ ከበላይ አካል በቁጥር ተከፋፍሎ ይደርሰናል፤ ስንት ጎልማሳ መመዝገብ እንዳለብን እናውቃለን፤ ለእነዚያ ጎልማሶች ማስተማሪያ የሚሆነው ገንዘብ ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ አይመጣም። ጎልማሶቹን የሚያስተምሩት አመቻቾቻችን ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ የአካባቢው ወጣቶች ሲሆኑ፣ የሚታሰብላቸው አነስተኛ ክፍያ ለወራት ሲዘገይ ሌላ ሥራ ፈልገው ይሄዳሉ። አመቻቹ ሲሄድ የመማሪያ ጣቢያው ይዘጋል፤ በሪፖርት ላይ ግን እንደተከፈተ ይቆያል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ወረዳው በራሱ ሥልጣን ለዚህ ሥራ የተለየ በጀት ሊይዝ የሚችልበት አሠራር አለ ወይ? በሌላ በኩል ደግሞ፣ የሠለጠነ የሰው ኃይል የሚጠቀሙ ድርጅቶች ከወጪው የተወሰነውን እንዲጋሩ ማድረግ ተገቢ ነው ትላላችሁ ወይስ ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ግዴታ ነው?

መልስ 1፦ በወረዳ የበጀት ሥራ ላይ ከቆየ ባለሙያ

የመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ ወረዳው ይችላል። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ጥቅል ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ይከፋፈላል፤ ክልሎችም በራሳቸው ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት እንደሚመደብ የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ሥልጣኑ አለ፤ የሚጎድለው ከደመወዝ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው የሥራ ማስኬጃ በጀት ትንሽ ስለሆነ፣ የጎልማሶች ትምህርት ከነዳጅ፣ ከውሎ አበልና ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር በዚያ ቀሪ ላይ እየተሻማ ይኖራል። መምህር ደመወዙ ቢዘገይ አቤት ይላል፤ ጣቢያው የተዘጋበት ገበሬ ግን ለአስተዳዳሪው አቤቱታ ሲያቀርብ አላየሁም። ስለዚህ ቅነሳው ሁልጊዜ የጎልማሶች ትምህርት ላይ ያርፋል።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ነገርም አለ፤ የበጀት ዓመቱና የገበሬው ዓመት አይገጥሙም። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ ገበሬው እርሻና አረም ላይ ነው፤ አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስም ለመማር ጊዜ የለውም። ፋታ አግኝቶ ደብተር ሊይዝ የሚችለው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ያኔ የሥራ ማስኬጃው አብዛኛው ወጪ ሆኗል ወይም በበጀት ዝውውር ለሌላ ሥራ ተወስዷል። እኔ ብሆን ሁለት ነገር ለምክር ቤቱ አቀርብ ነበር፦ አመቻቾቹ ከሥራ ማስኬጃ ወጥተው በኮንትራት ሠራተኛ ደመወዝ የሂሳብ መደብ እንዲያዙ፣ ለጎልማሶች ትምህርት የጸደቀው ገንዘብም ከሁለተኛው መንፈቅ በፊት እንዳይዛወር በምክር ቤት ውሳኔ እንዲታሰር። ለኮንትራት ሠራተኛ የተያዘ ደመወዝ ስም ያለው ሰው ስለሚጠብቀው በቀላሉ አይነካም።

መልስ 2፦ ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኝ

ጉዳዩን ከሙያ ሥልጠና በኩል ላንሳው፤ ምክንያቱም የማንበብ ትምህርትና የክህሎት ሥልጠና በሁለት ሚኒስቴሮች ሥር በመሆናቸው ገንዘባቸውም ሳይገናኝ ይቀራል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሲቋቋም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወደ እሱ ሄደ፤ የጎልማሶች ትምህርት በትምህርት ሚኒስቴር ቀረ። በወረቀት ላይ ክፍፍሉ ግልጽ ነው፤ ወደ ኮሌጃችን የሚመጣው ሰው ግን አንድ ነው።

ለምሳሌ ግንበኛውን ይውሰዱ። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከአሠሪው የተማረ፣ ለዓመታት የሠራ ሰው፣ መደበኛ ሥልጠና ባይወስድም በሙያ ደረጃው መሠረት ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ የማግኘት መብት አለው፤ ይህም የሥርዓቱ ትልቅ በጎ ነገር ነው። ሆኖም ምዘናው የተግባር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍም ክፍል አለው። ግድግዳ በውኃ ልክና በቱምቢ አስተካክሎ የሚያቆመው ባለሙያ ጥያቄውን ማንበብ ስለማይችል ይወድቃል ወይም ከመጀመሪያውኑ አይመዘገብም፤ የምስክር ወረቀት ከሌለውም በማኅበር ተደራጅቶ ጨረታ ለመግባት ይቸገራል። ለማንበብ ትምህርት ያልወጣው ገንዘብ እዚህ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይታያል፤ ያንን ኪሳራ ግን የትኛውም ሚኒስቴር በሂሳቡ አይመዘግበውም። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

የአጫጭር ሥልጠና ወጪም በተሳሳተ መንገድ ይታሰባል። ሕንጻና ማሽን ከተሟላ ሥልጠናው የሚካሄድ ይመስላል፤ የብየዳ ሠልጣኝን ብቁ የሚያደርገው ግን በየቀኑ የሚያቃጥለው ኤሌክትሮድና የሚቆርጠው ብረት ነው። የፍጆታ ዕቃ በጀት ሲያልቅ ተግባሩ ወደ ሰሌዳ ይመለሳል። ኮሌጆች ከምርትና ከአገልግሎት የሚያገኙት የውስጥ ገቢ ይህን ክፍተት በከፊል ይሸፍናል፤ ነገር ግን ገቢ የሚያስገኘውን ሥራ የሚሠራው ጎበዙ አሠልጣኝ ስለሆነ፣ በዚያው ልክ ከሠልጣኞቹ ይርቃል።

መልስ 3፦ ከአንድ የሰው ኃይል ልማት ባለሙያ

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ድርጅቶች መክፈል አለባቸው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ምን ላይ እንደሚከፍሉ መለየት ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ500,000 ራንድ በላይ የሆነ አሠሪዎች የደመወዛቸውን 1 በመቶ ለክህሎት ልማት ይከፍላሉ፤ ከዚህም 20 በመቶው ወደ ብሔራዊ የክህሎት ፈንድ ይገባል፤ አሠሪው ሠራተኞቹን እንዳሠለጠነ ሲያሳይ ከከፈለው የተወሰነው ይመለስለታል። በኬንያ አሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ የሚከፍሉበት አሠራር ተዘርግቷል። ሐዋሳን በመሰሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ያሉ ፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኛን ራሳቸው አሠልጥነው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ቀጣሪ ስለሚያጡት፣ ሁሉም የሚያዋጣበት ፈንድ ቢኖር የሚያሠለጥነው ድርጅት ብቻውን አይጎዳም።

ይሁን እንጂ መዋጮው የሚሰበሰበው ከመደበኛ ቀጣሪ ነው። ጠያቂው የሚያስተምሯቸው ገበሬዎች፣ የጉሊት ነጋዴዎችና የቤት እመቤቶች ቀጣሪ የላቸውም፤ ስለእነሱ የሚከፍል ድርጅት አይገኝም። ስለዚህ መሠረታዊው የጎልማሶች ትምህርት ከግብር በሚሰበሰብ ገንዘብ፣ የሙያ ሥልጠናው ደግሞ በመንግሥትና በአሠሪዎች በጋራ ቢሸፈን ትክክል ነው እላለሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የሕዝቡ መዋጮና የዘማቾቹ ነፃ አገልግሎት ትልቁን ሸክም ተሸክመው ነበር፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አግኝቷል። ለተከታታይ ትምህርትና ለማንበቢያ ጽሑፎች አስተማማኝ መደበኛ በጀት በየቀበሌው ሥር ባለመያዙ ግን ከተማሩት ብዙዎቹ ፊደሉን መልሰው ረሱት። ያ ስህተት በጣቢያዎቻችን ላይ ሊደገም አይገባም።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የበጀት ዓመቱንና የእርሻ ወቅቱን አለመግጠም በየዓመቱ እያየነው በዚህ መልክ ለምክር ቤት አቅርበነው አናውቅም። ለሚቀጥለው የበጀት ጥሪ አመቻቾችን በኮንትራት መደብ የሚያካትት ጥያቄ እናዘጋጃለን። አሠልጣኙን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ በወረዳችን ያሉት ግንበኞችና አናጺዎች ለጽሑፍ ምዘናው የሚያስፈልጋቸውን ንባብና ሂሳብ በጣቢያዎቻችን ቢማሩ፣ ኮሌጃችሁ የሙያ ደረጃውን ቃላትና የሥዕል አነባበብ ለአመቻቾቻችን ሊያሳይልን ይችላል ወይ? ከተስማማችሁ ደብዳቤውን በጽሕፈት ቤታችን በኩል እንልካለን።