በ60 ሺህ ብር ሆረር ይሰራል ወይ? እሪ በከንቱ ቤት አለን

የሰፈር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች አንዴ ላማክራችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን፣ እቁብ ደርሶን 60 ሺህ ብር አለን፣ 15 ደቂቃ የምትሆን አጭር ሆረር (የሚያስፈራ ፊልም) ልንሰራ ነው። ቤቱ የአያቴ ነው፣ ፒያሳ እሪ በከንቱ፣ የጭቃ ቤት ሆኖ ጣውላው ሲረገጥ ሲጥ የሚል፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው ዝናብ እየወረደበት ቡኒ ካርታ ሰርቷል፣ አይጥ ስትሮጥበት የእግሯ ቅርፅ ከታች ይታያል እኮ። ዙሪያው እየፈረሰ ስለሆነ አያቴም ተነሺ ሳትባል መቅረፅ አለብን። ታሪኩ ባጭሩ ልጅቷን ሌሊት ሌሊት በስሟ የሚጠራት ድምፅ አለ፣ አያቷ ደግሞ ሶስቴ ሳይጠራሽ አቤት እንዳትዪ ብላታለች፣ አንድ ቀን በሁለተኛው አቤት ትላለች። በቃ።
ጥያቄዬ ግማሹን ብር ካሜራ እንከራይበት ወይስ በስልክ እንቅረፅ? የሌሊት መብራትስ እንዴት ነው የምናደርገው? ደምስ? አንዱ ቀይ ስር ጨምቀን እንጠቀም ይላል።

ድምፅ ቀራጩ፦
ካሜራ ምናምን አትከራይ ብሮ። ፓራኖርማል አክቲቪቲ የሚባለው ሆረር ፊልም እኮ በ15 ሺህ ዶላር አካባቢ ዳይሬክተሩ ራሱ ቤት ውስጥ በ7 ቀን ነው የተቀረፀው፣ ምስሉ ተራ የቤት ቪዲዮ ነው የሚመስለው ማንም ግን ቅር አላለውም። ድምፅ ከተበላሸ ግን ሰው መፍራቱን ትቶ ይስቅብሃል። ብሩን ድምፅ መቅረጫ ሪከርደርና ቡም ማይክ (ዘንግ ላይ የሚታሰረውን) ተከራይበት፣ የቀረው ለምግብና ለትራንስፖርት ነው፣ የራበው የቀረፃ ቡድን ሌሊት አይሰራልህም።
ፒያሳ ሌሊት ጭር ይላል ብለህ ደግሞ እንዳትሸወድ። ውሻው አለ፣ 9 ሰዓት ገደማ የቤተክርስቲያን ማይክ ይጀምራል፣ 11 ሰዓት አዛን፣ ከዛ ወያላው። ከ6 እስከ 9 ነው ያለህ እሱም ውሻው ከፈቀደ። ፍሪጅ ንቀል፣ መልሰህ መሰካት እንዳትረሳ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጠው። አንድ ክፍል በጨረሳችሁ ቁጥር ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 1 ደቂቃ ቅረፁ ኤዲቲንግ ላይ ታመሰግነኛለህ። የጣውላውን ሲጥታ ለብቻው፣ ማይኩን መሬት አስጠግተህ፣ አንድ ሰው በካልሲ እየሄደበት። የናንተ ጭራቅ እሱ ነው ሌላ ጭራቅ አታሳዩ።
ስልኩ ላይ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን አፕ ጫን ነፃ ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርገው፣ የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አለዚያ አምፖሉ ይርገበገብብሃል። ኤዲቲንግ በዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ እሱም ነፃው ይበቃሃል።

ማሂ ሜካፕ፦
ቀይ ስር??? ኧረ በናታችሁ፣ ካሜራ ላይ ሮዝ ጁስ ነው የሚመስለው። ስኳር በውሃ አፍሉ እንደ ማር እስኪወፍር፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ከዛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ፣ ኮኮዋው ነው ደም የሚያስመስለው። ሳህን ላይ ቆንጆ ሆኖ ቆዳ ላይ ሌላ ይሆናል፣ ስለዚህ እጃችሁ ላይ ቀብታችሁ በስልኩ እዩት። ደም የሚነካው ልብስ ከሰልባጅ አንድ አይነት ሶስት ግዙ፣ አንዱ ቴክ (አንድ ዙር ቀረፃ) ከተበላሸ ሌላ አለ። የአያትን ጋቢ ግን እንዳትነኩ!! እኔ የእማዬን ነክቼ ይኸው እስከዛሬ "ያ የደሙ ጋቢ" እየተባለ ይነሳብኛል።

ጋሼ፦
ልጆች ሌሊቱን ለምን ፈለጋችሁት? እኛ ልጅ ሆነን የሚያስፈራን ቀትር ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ እንዳትወጡ የቀትር ጋኔን አለ እንባላለን፣ ፀሐዩ አናት ላይ ቆሞ፣ ጥላህ እግርህ ስር ገብቶ፣ ሰፈሩ ጭር ብሎ፣ ከሩቅ አንድ ሰውዬ ብቻ "ቆራሌው... ቆራሌው" እያለ። የሚጠራትን ድምፅ ለሱ ስጡት። ቆራሌው ቆራሌው ሲል ይቆይና መሃል ላይ በዚያው ዜማ ስሟን ይጥራ። ፀሐይ በነፃ ነው፣ የማታ ራይድም አትከፍሉም። ደግሞ ከናንተ ወረድ ብሎ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሰው ሰይጣን ቤት ነበር የሚለው፣ ቦታውስ ጠርቷችኋል 😄

ቴክ ሁለት፦
የጋሼ ሀሳብ ተመችቶኛል፣ ቀን ከሆነ ግን ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። እኛ አራት ኪሎ ስንቀርፅ አክትረሷ አንዴ ስትጮህ ግቢው ሙሉ ዱላ ይዞ ገባ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ብለው መጥተው ነበር፣ ፊልም ነው ስንላቸው ተቆጥተው ከዛ ቡና አፈሉልን። የሰፈራችሁ ስም እሪ በከንቱ ቢሆንም እሪታ በከንቱ አይቀርም እመኑኝ። ጩኸቱን መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ለብቻው ቅረፁት። መንገድ ላይ ካሜራ ካወጣችሁ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፣ እኛ ሳንይዝ ግማሽ ቀን ጣቢያ ተቀምጠናል።

የሰፈር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን ሁላችሁንም። ቀትር ላይ አድርገነዋል። አያቴም ፈቅዳለች ግን የሷን ስም እንዳንጠራ፣ ስንጨርስም ቤቱ ጠበል እንዲረጭ ብላ ነው። ዛሬ ቆራሌው ሲያልፍ አስቁመን አናገርነው፣ ስንት ትፈልጋለህ ስንለው ብር አልፈልግም ያንን አሮጌ ፍሪጅ ስጡኝ አለ።

ድምፅ ቀራጩ፦
ስጡት በናታችሁ!! ቁልፉን አውጡ ብቻ።