የሰከረ ሰው አልነቃ አለን፤ ጨው ያለበት ቡና እንስጠው ወይስ ውኃ እናፍስበት?

ጠያቂ (ከምሽቱ 5 ሰዓት)፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። በእህታችን ሠርግ ታናሽ ወንድሜ ጠጅ ሲጠጣ አምሽቶ፣ በኋላ ከሚዜዎቹ ጋር ተወራርዶ ደግም አረቄ በላይ በላዩ ስለጨመረ፣ አሁን ወድቋል። ስንጠራው ከማጉረምረም በቀር አይመልስም። አክስቴ ጨው ያለበት ቡና አፍልታለች፤ አጎቴ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ እናፍስበት ይላል። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት የመልስ እንግዶችን በሚኒባስ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ በቶሎ መንቃት አለበት። የቱ ይሻላል?

የቡና ወዳጅ፦ ቡናው ይሻላል። ወፍራም ይሁን፤ ጨውም አትሰስቱ። ሦስተኛው ሲኒ ሳይደርስ ተነሥቶ ይቀመጣል።

ሽማግሌው፦ ጥፋቱ የአረቄው ሳይሆን የአስተናጋጁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ግን «ካልጠጣህ አልወደድከንም» እያልን የምናስገድደው እኛው ነን። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ምክሩ ለነገ ይቆይ፤ ቡናውንም ውኃውንም ተዉት። በደንብ ያልነቃ ሰው መዋጥ ስለማይችል፣ ያጠጣችሁት ወደ ሳንባው ይገባል። ጣት ጉሮሮው ከትቶ ማስመለስም ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ፣ የጠጣ ሰው ሞቀኝ ቢልም ሰውነቱ ሙቀት እያጣ ነው፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ይጎዳዋል፣ ብርድ ልብስ ግን ይጠቅመዋል። በጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበቱን ወደ ፊት አጥፉት፣ ቢያስመልስ ወደ ውጭ እንዲፈስ አፉን ወደ መሬት ዘንበል አድርጉት። ቆንጥጣችሁት ካልተንቀሳቀሰ፣ በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ8 ጊዜ በታች ከሆነ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወደ 907 ደውሉ፤ አምቡላንስ ከዘገየ በመኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ባለ ሚኒባሱ፦ እኔ የምቃወመው ጥያቄውን ራሱን ነው፤ ቢነቃስ ማን መሪ ይሰጠዋል? ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል ገደማ ብቻ ያስወግዳል፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ደግሞ 13 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ እስከ 12 ሰዓት ያሉት 7 ሰዓታት የሚበቁት ለአራት ወይም ለአምስት ቢራ ነው፤ እሱ የጠጣው ግን ጠጅና ከመቶው 45 እጅ ሊደርስ የሚችል ደግም አረቄ ነው። ቡና እንቅልፉን ቢያባርርለትም ስካሩን አይነካውም፤ እኔም ከሚያንኮራፋ ሰካራም ይልቅ ነቅቶ የሚነዳውን እፈራለሁ። ሌላ ሹፌር ፈልጉ።

ሦስተኛው ሚዜ፦ ቡናውን ለሚጠብቀው ሰው አጠጡት፤ ሌሊቱ ረጅም ነው። የመልሱ እንግዶችም በባጃጅ ይምጡ።

ጠያቂ፦ በጎኑ አስተኝተነዋል። አሁን በኃይል እያንኮራፋ ስለሆነ ደህና ይመስላል፤ እኛም ልንተኛ ነው። ጮማ በልቶ ነበር እኮ፤ ያሰከረው መደባለቁ ነው እያሉ ነው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ አትተኙ! የሚንተከተክ ድምፅ ያለው ማንኮራፋት የመተንፈሻ ቱቦው እየተዘጋ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ የጠጣው አረቄ ከአንጀቱ ገና ወደ ደሙ እየገባ ስለሆነ፣ መጠጣት ካቆመ በኋላም ሊብስበት ይችላል፤ ጮማውም አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት አዘገየው እንጂ አላጠፋውም። መደባለቅም ቢሆን ሰዎች የጠጡትን ልክ እንዳያውቁ ያደርጋል እንጂ፣ የሚያሰክረው ጠቅላላው የአልኮል መጠን ነው።

የቡና ወዳጅ፦ አያቴ ስንቱን በቡና አንቅተዋል! ቡናው ካልተፈቀደ፣ ለነገው ራስ ምታት ከአሁኑ ፓራሲታሞል ስጡት።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦ ክኒንም ቢሆን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አይግባ። ፓራሲታሞልንም አልኮልንም የሚያጣራው ያው ጉበት ነው፤ አስፕሪን ደግሞ በአልኮል የተቆጣ ጨጓራን ያደማል። ጠያቂያችን፣ ሰዓት ይዘው ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩና ቁጥሩን አሁኑኑ እዚህ ይጻፉልኝ።

ሽማግሌው፦ ዕድሜውንም ጨምሩበት።