የቡድናችን የዓመታት ሒሳብ አልገጥም አለኝ
የካ አባዶ አካባቢ ያለ አነስተኛ የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ገቢና ወጪ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው ያስረከቡኝ አንድ የተጨማደደ ደብተርና በፌስታል የታጨቀ ደረሰኝ ነው። እርሳቸው ዓመቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይቆጥሩ ነበር፤ እኔ ግን እንደ መንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 እይዛለሁ። በዚህ ላይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኳስና የማሊያ ዋጋ ስለናረብን፣ ወጪያችን በእኔ ዝርክርክነት ያደገ ይመስላል (የወላጆቹን ዓይን አይቼዋለሁ)። የቀድሞውን ሒሳብ በየወሩ ከፍዬ እንደ አዲስ ልደርድረው ወይስ እንዳለ ልተወው? በስጦታ ያገኘነውን 20 ጥንድ ታኬታስ በገቢ ልመዝግበው? ጉባኤው የፊታችን እሑድ ነው።