ድሬ ላይ ትንሽዬ ፈንክሽናል ጂም ከፍቼ ሰው አንድ ወር ይሰራና ይጠፋል፣ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ልግዛ ወይስ?

ከዚራ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ አንድ ነገር አማክሩኝ አቦ ጨንቆኛል። ከዚራ ምድር ቤት 70 ካሬ ምትሆን ክፍል ተከራይቼ ፈንክሽናል ሙቭመንት ማሰራት ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው። ለማያውቀው፣ ማሽን ላይ ተቀምጠህ አንዱን ጡንቻ ለብቻው ምታለፋበት አይደለም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ዕቃ ከመሬት ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ተሸክሞ መሄድ፣ ወገብ ማዞር፣ በቃ ሰው ሲውል ሚያረገውን ነገር በክብደትና በስርዓት ማሰራት ነው። በአንድ ሰዓት ከ12 ሰው በላይ አላስገባም፣ ከዛ ካለፈ ማን ወገቡን እንዳጎበጠ ማየት አልችልም።

ታፔላው ላይ "ፈንክሽናል ስቱዲዮ" ብዬ አስጽፌ የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ጉርድ ፎቶ ልነሳ እያለ ይገባ ነበር 😂 አንዱ ከረባት አስሮ ነው የመጣው።

ወደ ችግሬ ልምጣ። ወርሃዊ 1,800 ብር ነው ማስከፍለው። ባለፈው ወር 34 ሰው ነበረኝ፣ 61,200 ብር ገባ፣ ኪራይ 30,000፣ ረዳቴ 9,000፣ መብራት ውሃ ጽዳት ምናምን 6,000፣ እና 16,200 ቀረችልኝ፣ ደስ አለኝ። በዚህ ወር ከ34ቱ የከፈለው 21 ብቻ ነው፣ 37,800፣ ማለት 7,200 ብር ከኪሴ ጨመርኩ። ሁሌም እንዲሁ ነው፣ ይመጣሉ ይሄዳሉ። ሶስት ሰው ደግሞ "ትሬድሚል የላችሁም እንዴ" ብሎ ጠይቆኝ ወጥቷል። አሁን የ200,000 ብር ዕቁብ ሊወጣልኝ ነው፣ ያገለገሉ ሁለት ትሬድሚል ልግዛበት ወይ? እውነት ተናገሩ።

የመጋላዋ፦
ወንድሜ እኔ አንተ ጋ ባልሆንም እንደዚህ ዓይነት ቦታ ተመዝግቤ አንድ ወር ሰርቼ ያቋረጥኩ ሴት ነኝና ከዛኛው ወገን ልንገርህ። ትሬድሚል ስለሌለ አይደለም የቀረሁት። ቦታው እንዳንተው ምድር ቤት ነበር፣ መስኮቱ ትልቅ መስታወት ነው፣ ከመስታወቱ ውጪ ባጃጅ ተራ ነው። እኔ በሒጃብ በአራት እግሬ ተንበርክኬ አንድ እጅና አንድ እግር ዘርግቼ እንቀጠቀጣለሁ፣ ሹፌሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው እያኘኩ ያዩኛል ወላሂ። አሰልጣኙ ደግሞ ጎበዝ ልጅ ነው ግን ወንድ ነው፣ ወገቤን ሊያስተካክል እጁን ይልካል መልሶ ይሰበስበዋል፣ እሱም ጨነቀው እኔም ጨነቀኝ። ከዛ ቀረሁ። እና ታውቃለህ የሚገርመው፣ አንድ ሰው ደውሎ "ምነው ጠፋሽ" አላለኝም፣ ያን ያህል ሰው ሳይበዛበት።

ከቀሩብህ 13 ሰዎች ስንቱ ሴት ናቸው? እሱን ንገረን መጀመሪያ።

ብረት_ወዳድ፦
እኔ ግን ልንገርህ ብሮ የድሬ ልጅ ደረት ነው ሚፈልገው። ቤንች (ተጋድመህ ብረት ምትገፋበት) የሌለበት ቦታ ጂም አይባልም፣ ጀሪካን ለመሸከም 1,800 ብር ልክፈል? እናቴ ጋ በነጻ እሸከማለሁ 😂😂

ሳቢያን_ኮች፦
ብረት_ወዳድ ቀልድህ ቢገባኝም ደንበኛው አንተ አይደለህም፣ አንተ ሌላ ጂም አለህ፣ እዛው ስራ።

ከዚራ_ልጅ፣ 9 ዓመት በዚህ ስራ ነኝ፣ ትሬድሚሉን ተወው። አንድ ማሽን አንድ ሰው ነው ሚይዘው፣ 12 ሰው በገባበት ሰዓት ሁለት ማሽን ምን ይሰራልሃል? መብራት ሲሄድ ይቆማል፣ የድሬ አቧራ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ ሲበላሽ ጠጋኝ ፍለጋ አዲስ አበባ ትደውላለህ። ባለ ትልቅ ጂሞቹ 10 አላቸው፣ አንተ በሁለት አትበልጣቸውም። በሌላ ነገር ነው ምትበልጣቸው፣ ሰውየውን በስሙ ስለምታውቀው።

ሰው ሚጠፋው ለውጡን ስለማያይ ነው። ክብደት ሚዛን ላይ አቁመኸው 1 ኪሎ ካልቀነሰ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ሰው ሲመዘገብ በደብተር ሦስት ነገር እጽፋለታለሁ። ወንበር ላይ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንቴ ተነስቶ ተቀመጠ፣ በአንድ እግሩ ስንት ሰከንድ ቆመ፣ ሁለት ጀሪካን ይዞ ስንት እርምጃ ሳያርፍ ሄደ። ከ6 ሳምንት በኋላ ያንኑ እደግማለሁ፣ በተመሳሳዩ ወንበር። ወንበሩ ከተቀየረ ቁጥሩ ውሸት ነው። 11 ጊዜ የተነሳ ሰው 16 ሲሆን ፊቱን ማየት ነው።

ኤፍኤምኤስ (ፈንክሽናል ሙቭመንት ስክሪን) የሚባለውን የእንቅስቃሴ መመዘኛም ሰርቼዋለሁ፣ ግሬይ ኩክና ሊ በርተን ያወጡት፣ 7 እንቅስቃሴ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ 21። ሰው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማየት ጥሩ ነው፣ ግን 14ና ከዛ በታች ያገኘ ይጎዳል እያልክ ደንበኛ አታስፈራራ፣ እሱ ነገር በኋላ በመጡት ጥናቶች ብዙም አልቆመም። ለ12 ሰው ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

ዕቃውን እዚሁ ትሰራዋለህ። 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተህ 20 ኪሎ ነው፣ ግማሹ 10፣ ጀማሪ በግማሽ ይጀምራል፣ ውሃው ሲላጋ ራሱ ሆዱን ያሰራዋል። ለአሸዋ ከረጢቱ የደቻቱ ወንዝን አሸዋ ነፍተህ በ5 በ5 ኪሎ ላስቲክ ድርብ አርገህ እሰርና ሸራ ሰፊ ጋ ባለ እጀታ ቦርሳ አሰፍተህ እዛ ውስጥ ጨምር። እኔ መጀመሪያ ዝም ብዬ ማዳበሪያ ውስጥ ገልብጬ ሁለተኛው ቀን ላይ በስፌቱ እየፈሰሰ ምንጣፉ በረሃ ሆነ፣ ልጆቹ እያንሸራተታቸው ልንሰበር ነበር።

ሰዓትህንም እየው። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድሬ ላይ ማንንም አትጠብቅ፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው ግማሹ ተኝቷል፣ በዛ ሙቀት ብረት ማንሳትም ጤና አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ክፈት፣ ማታ ከ12 በኋላ ስራ። ረመዳን ላይ ከተራዊህ በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ጨምር፣ እኔ ጋ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሞልቶ ነው ሚያመሸው። ክፍያውንም ከወር ወደ ካርድ ቀይረው፣ 12 ጊዜ ምታሰራ ካርድ በ2 ወር ውስጥ ሚጠቀሙባት። ወር ሲሆን አንድ ሳምንት የቀረ ሰው "ከሰርኩ" ብሎ በዛው ይቀራል።

ጀጎል_05፦
እኛ ሐረሮች ጂም ሳንገባ ቁልቁለትና ዳገቱ ይበቃናል፣ እናንተ ሜዳ ላይ ስለምትኖሩ ነው ጀሪካን ምትከፍሉበት 😄 ይልቅ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ጉልበቷ ታሞ ለሁለት ዓመት ሶላት ወንበር ላይ ነበር ምትሰግደው። ሐኪም አይቷት እንቅስቃሴ ፈቀደላት፣ ከዛ አንዲት ልጅ ቤት እየመጣች አሰራቻት። መጀመሪያ ከመደቡ መነሳት ብቻ፣ መደባችን ከፍና ዝቅ ያለ ስለሆነ ከከፍተኛው ጀምራ ወደ ዝቅተኛው አወረደቻት። ከአምስት ወር በኋላ ምንጣፍ ላይ ሱጁድ ወረደች፣ ተነስታም ቆመች፣ ግድግዳ ይዛ ቢሆንም። ያን ቀን ለልጅቷ ሰፌድ ሙሉ ምግብ ነው የላከችላት። ትልልቅ ሰዎችን ያዝ ወንድሜ፣ ስኳት ስትል አይገባቸውም፣ "ሳይዙ መነሳት" በላቸው።

ፊዚዮ_ነኝ፦
የጀጎሉ ልጅ ያለው ጥሩ ነው ግን አንድ ቃል ልጨምር፣ "ሐኪም አይቷት" ያለውን አትዝለሉት። ሲንቀሳቀስ ሚያመውን ሰው አታሰልፈው፣ ሕመሙ ወደ እግር ሚወርድ ከሆነ፣ እግሩ ሚደነዝዝ ከሆነ፣ ማታ ከእንቅልፍ ሚቀሰቅሰው ከሆነ ላከው። "ወገብ እናክማለን" ብለህ ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፍ፣ አንተ አሰልጣኝ ነህ። ሰው ሲመዘገብ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ እርግዝና ብለህ ጠይቅና አስፈርም።

ከዚራ_ልጅ፦
ከ10 ቀን በኋላ ተመለስኩ። የመጋላዋ እግዜር ይስጥሽ፣ ከ13ቱ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ሁሉንም ደወልኩ፣ ረዳቴ ሴት ስለሆነች እሷ ናት ያወራቻቸው። ስለ ትሬድሚል ያነሳ የለም። አራቱ መስኮቱን አሉ፣ እኔኮ ውበት ብዬ ነው መስታወት ያረኩት! ሁለቱ ከስራ 11 ተኩል ወጥተው ለ11 ሰዓቱ አይደርሱም፣ አንዷ ሻወሩ አይሰራም አለች (ልክ ናት፣ ውሃችን ጨዉ ነጭ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል፣ በሎሚ ዘፍዝፌ አጽድቼዋለሁ)፣ ሌሎቹ በራሳቸው ጉዳይ ነው።

መጋረጃ 6,500 ብር ወሰደብኝ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ሴቶች ብቻ ሆኗል፣ ረዳቴ ናት ምታሰራው፣ ደሞዟን 3,000 ጨምሬላታለሁ። 5 ተመልሰዋል፣ አንዷ እናቷን ይዛ መጥታለች፣ ወንበር ላይ በ30 ሰከንድ 7 ጊዜ ተነሱ፣ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ካርዱን ከመጪው ወር እጀምራለሁ፣ ዕቁቡን አልነካሁትም።

ሳቢያን_ኮች መጎተቻ ገመዱን የት ላስር? ጣሪያዬ ኮርኒስ ነው።

ሳቢያን_ኮች፦
ኮርኒስ ላይ እንዳታስር ሰው ትገላለህ! በያጅ አምጥተህ ከወለል እስከ ጣሪያ አራት እግር ያለው ብረት አቁም፣ መጀመሪያ ራስህ ተንጠልጠልበት፣ ከዛ ከራስህ ሚከብድ ጓደኛ ፈልግ።

ብረት_ወዳድ፦
እኔ 96 ኪሎ ነኝ። መቼ ልምጣ?