ባልዲ ውስጥ ያለው የጥብስ ቅጠሌ እየሞተ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ሐዋሳ ነኝ። በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲ የጥብስ ቅጠል ተክያለሁ። አፈሩ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ከታች ጀምሮ እየጠቆረ ይረግፋል። ባልዲው ቀዳዳ የለውም፣ ከሥሩ ጠጠር አድርጌበታለሁ። አይበቃም እንዴ? በጣም የምወደው ተክል ነው።

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ውሃው መውጫ ስለሌለው ጠጠሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ቀዳዳ ቢኖረውም ጠጠሩን አውጣው፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ ስለማይወርድ እርጥበቱ ከፍ ብሎ ሥሩ ጋ ይቀራል። ወፍራም ብረት አግለህ የባልዲውን ታች አራት አምስት ቦታ ብሳው፣ እርሳስ የሚያሳልፍ ይሁን።

ሌላ መልስ፦ አፈሩንም እየው። ጥቁር አፈር ብቻ ከሆነ ውሃ ይዞ ይቀራል። እኛ አካባቢ ያ ቀላሉ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ አይደል፣ እሱን ሰባብረህ ሲሶ ያህል ቀላቅልበት። ባልዲውን ደግሞ ጡብ ላይ አስቀምጠው፣ ሊሾው ላይ ከተለጠፈ ቀዳዳው ይደፈናል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! አሁኑኑ ልንቀለው?

መልስ፦ አዎ፣ ዛሬውኑ። ጠቁሮ የላሸቀውን ሥር ቁረጥ፣ ጠንካራውን ተው። ከዚያ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ከተህ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጣ።